ቲኬት ያለው፣ ወንበር የሌለው ተሳፋሪ፦ ሕፃናት በአየር ጉዞ ታሪክ ውስጥ

ስለ አውሮፕላን ጉዞ ወሬ ሲነሳ የማይቀር አንድ ክርክር አለ። አንዱ ወገን “ጨምሬ ከፍዬ ሰፋ ያለ ወንበር የገዛሁት አረፍ ብዬ ልሄድ ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ከጎኔ ሕፃን ሲያለቅስ ማደር የለብኝም” ይላል። ሌላው ደግሞ “ታዲያ ልጄን የት ላድርገው? ሻንጣ ውስጥ ልክተተው?” ብሎ ይመልሳል። ክርክሩ በተለይ የሚከርረው ፕሪሚየም ኢኮኖሚ በሚባለው ክፍል ነው። ይህ ክፍል ቢዝነስ ክላስ አይደለም፣ ተራ ኢኮኖሚም አይደለም፤ መሃል ላይ ያለ ነው። እዚያ የሚቀመጠው ሰው ብዙ ጊዜ ከራሱ ኪስ የጨመረ ስለሆነ እያንዳንዷን ኢንች ይቆጥራል።

ብዙዎቻችን ይህን የጠባይ ጉዳይ አድርገን እናየዋለን። “ሰውየው ትዕግሥት የለውም” ወይም “ወላጆቹ ግድ የላቸውም” ብለን እናልፈዋለን። የአየር ጉዞን ታሪክ ስናገላብጥ የምናገኘው ግን ሌላ ነው። ጠቡን የፈጠረው አየር መንገዶች ባለፉት 70 ዓመታት የአውሮፕላኑን ቦታ እየቆራረጡ የሸጡበት መንገድ ነው። በዚያ ሁሉ ቁርጥራጭ ውስጥ የራሱ ቦታ ያልተሰጠው አንድ ተሳፋሪ አለ፤ እርሱም ሕፃኑ ነው። እስቲ ከመጀመሪያው እንመልከተው። (ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አስተናጋጇ ነርስ በነበረች ጊዜ

በ1930 ኤለን ቸርች የምትባል አሜሪካዊት ነርስ ከኦክላንድ፣ ካሊፎርኒያ ወደ ቺካጎ በሚሄድ አውሮፕላን ተሳፈረች። የተሳፈረችው መንገደኞችን ለመንከባከብ ነበር። በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት የበረራ አስተናጋጅ ተብላ የምትታወቀው እርሷ ናት። ጉዞው 20 ሰዓት ያህል ይፈጅ ነበር፤ አውሮፕላኑ በመንገዱ ላይ 13 ጊዜ ያርፋል። ከእርሷ ጋር የተቀጠሩት ሌሎች ሰባት ሴቶችም ነርሶች ነበሩ።

ለምን ነርስ? የዚያን ጊዜ አውሮፕላኖች ዝቅ ብለው ስለሚበሩ ነፋሱ እንደ ልቡ ያንገላታቸዋል። ተሳፋሪው ይፈራል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ ያስመልሰዋል። ነርስ መኖሯ “አይዟችሁ፣ የሚረዳችሁ ሰው አለ” የሚል መልእክት ነበረው። ትልልቆቹን ካስፈራ ጉዞ፣ ሕፃን ያዘለችን እናት ምን ያህል እንደሚያስፈራት መገመት አያዳግትም።

በ1940 ቦይንግ 307 የተባለው አውሮፕላን አገልግሎት ሲጀምር አንድ ትልቅ ለውጥ መጣ። የመንገደኞች ክፍሉ አየር ታምቆ የሚሞላበት የመጀመሪያው የንግድ አውሮፕላን እርሱ ነበር። ከዚያ በኋላ አውሮፕላኖች ከደመናው በላይ ወጥተው በሰላም መብረር ቻሉ። ማንገላታቱ ቀነሰ። በምትኩ ግን ለሕፃናት ሌላ ችግር ተወለደ፤ የጆሮ ግፊት። ወደ እርሱ እንመለሳለን።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ረጅሙ በረራ በእውነት ረጅም ነበር። በታኅሣሥ 1947 የአውስትራሊያው ካንታስ ከሲድኒ ለንደን መብረር ሲጀምር፣ አውሮፕላኑ የያዘው 29 መንገደኞችና 11 ሠራተኞች ብቻ ነበር። ጉዞው 4 ቀን ፈጀ፤ ደርሶ መልስ ዋጋው 585 ፓውንድ ነበር፤ ለተራ ሠራተኛ የማይታሰብ ገንዘብ። ተሳፋሪዎቹ ባለሥልጣኖች፣ ነጋዴዎችና ሀብታም ቤተሰቦች ነበሩ።

እንዲህ ባለው ጊዜ ልጅ የያዘች እናት ለአየር መንገዱ የምትፈለግ ደንበኛ ነበረች። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ የአየር መንገዱ ዋና ተፎካካሪ መርከብ ነበር። መርከብ ላይ መኝታ ክፍል አለ፣ ልጅ የሚሮጥበት ወለል አለ። እናትየዋ “አውሮፕላን ከልጅ ጋር አይሆንም” ካለች ቤተሰቡ በሙሉ ወደ መርከብ ይሄዳል። ስለዚህ ቢ.ኦ.ኤ.ሲ. የተባለው የእንግሊዝ አየር መንገድ በ1950ዎቹ “የሰማይ አልጋ” የሚል ስም ያለው የሕፃን መኝታ አቀረበ። የጊዜውን ፎቶግራፎች ብታዩ ትገረማላችሁ። አልጋው ከዕቃ መደርደሪያው ላይ ተንጠልጥሎ፣ ሕፃኑ ከተሳፋሪዎች ራስ በላይ ቁልቁል እያየ ፈገግ ይላል! አውሮፕላኑ ድንገት ቢናወጥ ምን ሊሆን እንደሚችል ስናስብ ያስደነግጣል። ያም ሆኖ አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የዚያን ጊዜ ሕፃን የራሱ ቦታ ነበረው።

ግድግዳው ሲመጣ

በግንቦት 1952 የዓለም አየር መንገዶች ማኅበር የሆነው አያታ በሰሜን አትላንቲክ መስመር ላይ “ቱሪስት” የሚባል ርካሽ ማዕረግ ፈቀደ። ከኒው ዮርክ ለንደን ደርሶ መልስ በመጀመሪያ ማዕረግ 711 ዶላር ሲሆን፣ በቱሪስት ግን 486 ዶላር ሆነ። በ1958 ደግሞ ከዚያም የሚረክስ “ኢኮኖሚ” የሚባል ተጨመረ። ዋጋውን ብቻ ሳይሆን አገልግሎቱንም የሚወስነው ማኅበሩ ነበር። በኢኮኖሚ የሚቀርበው ምግብ ሳንድዊች ብቻ እንዲሆን ተደነገገ። በወንበር ረድፎች መካከል ያለው ርቀትም 34 ኢንች፣ ማለትም 86 ሴንቲ ሜትር ሆነ። ዛሬ በብዙ አውሮፕላኖች የኢኮኖሚው ርቀት 31 ወይም 32 ኢንች ነው። በዚያን ጊዜ “ጠባብ” የተባለው ቦታ፣ ዛሬ ቢገኝ ተጨማሪ የሚያስከፍል ነው ማለት ነው።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የፓን አሜሪካን ቦይንግ 707 ጄት ከኒው ዮርክ ፓሪስ መብረር ጀመረ። ጉዞው አጠረ፣ መንገደኛው በዛ። ተማሪው፣ ስደተኛው፣ የልጅ ልጇን ለማየት የምትሄደው አያት፣ ሁሉም ተሳፈሩ። ከእነርሱም ጋር ሕፃናት በብዛት መጡ።

ታዲያ ሕፃናቱ የት ይተኙ? በ1970 ቦይንግ 747 እና ሌሎቹ ሰፋፊ አውሮፕላኖች መምጣት ሲጀምሩ፣ ክፍቱ የዕቃ መደርደሪያ በሚዘጋ ሣጥን ተተካ። አልጋውን ማንጠልጠያ ጠፋ። መፍትሔ ሆኖ የተገኘው ክፍልፋዩ ግድግዳ ነው። አንዱን ማዕረግ ከሌላው የሚለየው ግድግዳ ጠንካራ ነው፣ ከፊቱ የተቀመጠ ሰው የለም፣ አልጋውን መያዝ የሚችል ማያያዣ ሊገጠምበት ይችላል። ዛሬም የሕፃን አልጋ የሚሰጠው በዚያ ረድፍ ላይ ላሉት ብቻ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚሸከመው 10 ወይም 11 ኪሎ ድረስ ነው፤ የደህንነት ቀበቶ ምልክቱ ሲበራ ደግሞ ልጁ ከአልጋው መውጣት አለበት። በደንብ ያንቀላፋ ልጅ የሚቀሰቀሰውም በዚህ ምክንያት ነው።

የጠቡ መነሻ እዚህ ላይ ይታያል። ግድግዳው የተሠራው ብዙ የከፈለውን ጥቂት ከከፈለው ለመለየት ነው። ሕፃኑ ግን ቦታ ያገኘው በዚያ ግድግዳ ምክንያት ነው። ያው ረድፍ ደግሞ ከፊት የሚያጋድም ወንበር ስለሌለውና እግር ስለሚያዘረጋ በተጨማሪ ክፍያ የሚሸጥ ነው። ጸጥታ ፈልጎ ጨምሮ የከፈለው ሰውና አልጋ የምትፈልገው እናት የሚገናኙት በአጋጣሚ አይደለም፤ አውሮፕላኑ ውስጥ ያለው ምርጫ ሁለቱንም ወደ አንድ ረድፍ ይነዳቸዋል።

1978፦ ሦስት ነገር በአንድ ዓመት

በጥቅምት 1978 የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር መንግሥት በአየር ትኬት ዋጋ ላይ የነበረውን ቁጥጥር የሚያነሳ ሕግ ፈረሙ። በዚያ ጊዜ አካባቢ ቅናሽ ትኬቶች እንደ አሸን ፈሉ። አንድ ነጋዴ ሙሉ ዋጋ ከፍሎ፣ ግማሹን ከከፈለ ቤተሰብ ጎን መቀመጥ ጀመረ። “ይሄማ ፍትሕ አይደለም” የሚል ቅሬታ ተነሳ። አየር መንገዶች ሙሉ ዋጋ የሚከፍሉትን ለብቻ ማስቀመጥ ጀመሩ፤ ቢዝነስ ክላስ የሚባለው ከዚያ ተወለደ። የዘር ሐረጉን ስናየው፣ ቢዝነስ ክላስ መጀመሪያ የተሸጠው የተሻለ ወንበር ሆኖ አልነበረም፤ የተሸጠው ከሌሎች መራቅ ነው።

በዚያው በ1978 አማር ቦዝ የሚባሉ የድምፅ ምሕንድስና ሊቅ ከዙሪክ ወደ ቦስተን እየበረሩ ነበር። አየር መንገዱ በሰጣቸው ማዳመጫ ሙዚቃ ለመስማት ቢሞክሩ የሞተሩ ድምፅ ዋጠው። እዚያው አውሮፕላን ላይ ወረቀት አውጥተው ስሌት ጀመሩ፤ ጩኸት የሚያጠፋው ማዳመጫ ሐሳብ የመነጨው ከዚያ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው፦ ማዳመጫው ከውጭ የሚመጣውን የድምፅ ሞገድ ይለካል፣ ተቃራኒውን ሞገድ ይለቃል፣ ሁለቱ ተጣፍተው ጸጥ ይላል። ይህ በጣም የሚሠራው ግን እንደ ሞተር ላለ ወፍራምና የማይለዋወጥ ድምፅ ነው። የሕፃን ለቅሶ ቀጭን ነው፣ በየቅጽበቱም ይለዋወጣል። ስለዚህ ማዳመጫው ሞተሩን ያጠፋና ለቅሶውን በከፊል ይተወዋል። አንዳንዴም ለቅሶው ከበፊቱ ይልቅ ጎልቶ የወጣ ይመስላል።

አውሮፕላኖቹ ራሳቸው ጸጥ ሲሉም እንዲሁ ሆነ። በ2008 ግዙፉ ኤ380 ሥራ በጀመረበት ሰሞን፣ የኤሚሬትስ አብራሪዎች በእረፍት ሰዓታቸው መተኛት አቃተን አሉ። ምክንያታቸው አውሮፕላኑ ይጮሃል የሚል አልነበረም። በጣም ጸጥ ስላለ የተሳፋሪውን ኩርፊያና የሕፃኑን ለቅሶ እንሰማለን ነው ያሉት።

መሃለኛው ክፍል

ቢዝነስ ክላስ በየጊዜው እየተሻለ፣ እየተወደደም ሄደ። በቢዝነስና በኢኮኖሚ መካከል ያለው ልዩነት ሰፊ ገደል ሆነ። ገደሉን ለመሙላት በ1992 የታይዋኑ ኢቫ ኤርና የእንግሊዙ ቨርጂን አትላንቲክ መሃለኛ ማዕረግ ይዘው ብቅ አሉ። ሌሎቹ ወዲያው አልተከተሏቸውም። ብሪቲሽ ኤርዌይስ በ2000፣ ካንታስ በ2008፣ ካቴይ ፓሲፊክ በ2012፣ ሉፍታንዛ በ2014፣ የሲንጋፖር አየር መንገድ በ2015 ጀመሩ። ዛሬ በብዙ አየር መንገዶች ፕሪሚየም ኢኮኖሚ ማለት በግምት 38 ኢንች የረድፍ ርቀት፣ ትንሽ ሰፋ ያለ ወንበር፣ ሻል ያለ ምግብና ተጨማሪ ሻንጣ ነው።

እንግዲህ ይህን ክፍል በሕፃን ዓይን እንየው። በመጀመሪያ፣ ክፍሉ ትንሽ ነው። ብዙ ጊዜ ጥቂት ረድፎች ብቻ ናቸው ያሉት። በትልቁ ኢኮኖሚ አንድ ሕፃን ቢያለቅስ ብዙው ሰው ሩቅ ነው፤ እዚህ ግን ሁሉም ሰው ጎረቤት ነው። ሁለተኛ፣ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ ስላለ አልጋ ሊገጠምበት ይችላል። ሦስተኛ፣ የምግብ ጠረጴዛው ብዙ ጊዜ በእጅ መደገፊያው ውስጥ ስለሚገባ መደገፊያው አይነሳም። በተራው ኢኮኖሚ እናት መደገፊያውን አንስታ ልጇን አጋድማ ልታስተኛ ትችላለች፤ እዚህ ያ አይቻልም። ተጨማሪ የተከፈለበት ስፋት ለአንድ ትልቅ ሰው አካል የተለካ ነው።

ደግሞስ ጸጥታ በትኬቱ ላይ ተጽፏል እንዴ? የተሸጠው ኢንች፣ ኪሎና ምግብ ነው። ጸጥታ በማስታወቂያው ፎቶግራፍ ላይ ይታያል፤ በውሉ ላይ ግን የለም። ተሳፋሪው የገዛው የመሰለውና አየር መንገዱ የሸጠው የተለያዩ ናቸው። ልዩነቱን የምትከፍለው ደግሞ እናቲቱ ናት፤ በግልምጫ።

ሕፃኑ ለምን ያለቅሳል?

ከታሪኩ ወጣ ብለን አካሉን እንይ። መካከለኛው ጆሮ ከጉሮሮ ጀርባ ጋር የሚገናኘው ኡስታኪያን በሚባል ቀጭን ቱቦ ነው። በውጭ ያለው የአየር ግፊት ሲለወጥ ይህ ቱቦ ተከፍቶ ውስጡን ከውጩ ጋር ማስተካከል አለበት። አውሮፕላኑ ሲወጣ አየሩ በራሱ ጊዜ ይወጣል። ሲወርድ ግን ቱቦው በጡንቻ ኃይል መከፈት ይኖርበታል፤ ለዚህ ነው መዋጥና ማዛጋት የሚረዳን። የሕፃን ቱቦ አጭር፣ ጠባብና ወደ አግድም ያዘነበለ ነው። ሕፃኑ ደግሞ “ምራቅህን ዋጥ” ቢሉት አይሰማም። አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ጡት ወይም ጡጦ መስጠት ይጠቅማል የሚባለው መጥባት መዋጥን ስለሚያስከትል ነው።

ለእኛ የሚገርም አንድ ነገር አለ። አብዛኞቹ አውሮፕላኖች 11,000 ሜትር ገደማ ላይ ሲበሩ፣ በውስጣቸው ያለው አየር ከ2,400 ሜትር ከፍታ አየር ይበልጥ እንዳይሳሳ ተደርጎ ይታመቃል። አዲስ አበባ ያለችው 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ነው። በአየር ግፊት በኩል የአውሮፕላን ውስጥ ማለት አዲስ አበባ ማለት ነው ብንል ብዙ አልተሳሳትንም። ከቦሌ የሚነሳ ሕፃን ሲነሳ ጆሮው ብዙ ለውጥ ላይሰማው ይችላል፤ ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሲያርፍ ግን የሁለት ሺህ ሜትር ልዩነት በአንድ ጊዜ ይመጣበታል። እንደ ቦይንግ 787 ያሉት አዳዲሶቹ አውሮፕላኖች ደግሞ የውስጥ አየራቸውን ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ያወርዱታል። ይህም ለጆሮም ለትንፋሽም ይሻላል።

የጭን ሕግ

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በዓለም አቀፍ በረራ ከ2 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ብዙውን ጊዜ የአዋቂውን ዋጋ 10 በመቶ ይከፍላል፤ በዚያ ዋጋ ወንበር አያገኝም፣ በወላጁ ጭን ላይ ይሄዳል። ትኬት አለው፣ ስሙ ተመዝግቧል፣ ፓስፖርት ይዟል፣ ቦታ ግን የለውም። አውሮፕላኑ ሙሉ በሙሉ አልረሳውም፤ ከወንበሮቹ በላይ አንድ ትርፍ የኦክስጅን ጭምብል ይቀመጣል። በአንድ የወንበር ረድፍ ሁለት ሕፃናት አብረው የማይቀመጡትም ትርፉ ጭምብል አንድ ስለሆነ ነው።

የዚህ ሕግ ዋጋ በሐምሌ 1989 በግልጽ ታየ። ከዴንቨር ወደ ቺካጎ የሚበር የዩናይትድ አየር መንገድ ዲሲ-10 አውሮፕላን የኋላ ሞተሩ ፈነዳና መቆጣጠሪያ ኃይሉን በሙሉ አጣ። አብራሪዎቹ በቀሩት ሁለት ሞተሮች ብቻ እየመሩት አዮዋ ውስጥ ሱ ሲቲ ላይ ለማረፍ ሞከሩ። በአውሮፕላኑ ላይ ከነበሩት 296 ሰዎች 112ቱ ሞቱ። ጭን ላይ የሚሄዱ አራት ሕፃናት ነበሩ። የጊዜው መመሪያ እንደሚለው ወላጆቹ ልጆቻቸውን ወለል ላይ አስቀምጠው በብርድ ልብስና በትራስ እንዲደግፏቸው ተነገራቸው። ከአራቱ አንዱ ሞተ። ዋና አስተናጋጇ ጃን ብራውን ከተረፈች በኋላ፣ የልጁን እናት ወደሚቃጠለው አውሮፕላን ተመልሳ እንዳትገባ ያገደቻት እርሷ ነበረች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለብዙ ዓመታት “እያንዳንዱ ሕፃን የራሱ ወንበር ይኑረው” እያለች ስትሟገት ኖራለች።

ጉዳዩ የፊዚክስ ነው። አውሮፕላን ድንገት ሲቆም አካል ከክብደቱ ብዙ እጥፍ በሚሆን ኃይል ወደፊት ይወረወራል። ኃይሉ 9 እጥፍ ከሆነ የ10 ኪሎ ሕፃን እንደ 90 ኪሎ ይከብዳል። የትኛዋም እናት፣ የቱንም ያህል ብትወድ፣ ያን በክንዷ አትይዝም። በአውሮፓ በወላጁ ቀበቶ ላይ የሚገጠም ትንሽ የሕፃን ቀበቶ ይሰጣል፤ አሜሪካ ግን በመነሻና በማረፊያ ጊዜ አትፈቅደውም፣ ምክንያቱም የወላጁ አካል ሲታጠፍ ልጁን ሊጫነው ይችላል።

በ1990 የአሜሪካ የትራንስፖርት አደጋ መርማሪ ቦርድ ሕፃናት በራሳቸው ወንበር እንዲታሰሩ ይደንገግ አለ። የአቪዬሽን ባለሥልጣኑ ግን እስከ ዛሬ አላስገደደም፤ በ2005 ሐሳቡን ትቶታል። መከራከሪያው ቀላል አይደለም። ቤተሰቦች ለሕፃኑም ሙሉ ወንበር ግዙ ከተባሉ፣ አንዳንዶቹ አውሮፕላኑን ትተው በመኪና ይሄዳሉ፤ መኪና ደግሞ ከአውሮፕላን ይልቅ ይገድላል። በ2003 የታተመ የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ጥናት ይህን አስልቶታል። ሕጉ በአሜሪካ በዓመት የሚያተርፈው የሕፃናት ሞት በአማካይ 0.4 ነው፤ ማለትም በአምስት ዓመት ሁለት ሕፃናት። ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆኑ ቤተሰቦች ወደ መኪና ከዞሩ ግን ጉዳቱ ከጥቅሙ ይበልጣል።

ስሌቱ ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን አንድ ነገር እንደማይለወጥ አድርጎ ይነሳል፤ የወንበሩን ዋጋ። ለሕፃን የሚሸጠው ወንበር ርካሽ ቢሆን ማንም ወደ መኪና አይዞርም። ክርክሩ ስለ ደህንነት መስሎ ይጀምርና፣ ሲቋጭ አንድ ወንበር ስንት ያወጣል ወደሚል ይወርዳል። ባለሥልጣኑ ራሱ ለወላጆች የሚሰጠው ምክር፣ ለልጃችሁ አስተማማኙ ቦታ ጭናችሁ ሳይሆን የተፈቀደ የሕፃን መቀመጫ ነው የሚል ነው። ሳያስገድድ ይመክራል፤ መክፈል የቻለ ይሰማዋል።

ሁለት ሕፃናት እንደ ሙሉ ሰው

የመሃለኛው ማዕረግ ከመፈልሰፉ አንድ ዓመት በፊት፣ ግንቦት 16 እና 17 ቀን 1983 ዓ.ም. (በአውሮፓ 1991)፣ ከቦሌ የተነሱ አውሮፕላኖች የዚህን ሁሉ ተቃራኒ አሳይተዋል። በዘመቻ ሰለሞን በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። ከአውሮፕላኖቹ አንዱ የኤል አል ቦይንግ 747 ነበር። ብዙ ሰው እንዲይዝ ወንበሮቹ ተነቅለው፣ ሰዎች ወለሉ ላይ ተጠጋግተው ተቀመጡ። ሻንጣ የላቸውም ማለት ይቻላል፤ አብዛኞቹም ቀላል ክብደት ያላቸው ነበሩ። በዓለም ክብረ ወሰን መዝገብ ላይ የሰፈረው ቁጥር 1,088 ነው፤ በአንድ የንግድ አውሮፕላን ከተጓዘ ሕዝብ ሁሉ የሚበልጥ።

ቁጥሩ ውስጥ ሁለት ሕፃናት አሉ፤ ሲነሱ አልነበሩም፣ በበረራው ላይ ተወለዱ። ትኬት አልነበራቸውም፣ ወንበር አልነበራቸውም፣ ስማቸው በየትኛውም ዝርዝር ላይ አልነበረም። ሲቆጠሩ ግን እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሆነው ተቆጠሩ።

ይህ ለመደበኛ በረራ አርአያ ይሁን ማለታችን አይደለም። አስቸኳይ ማዳን ነበር፤ ጉዞውም አራት ሰዓት ያህል እንጂ አሥራ ሦስት አልነበረም። ያለ ቀበቶ ወለል ላይ መሄድ አደገኛ ነው። ነገር ግን “ሕፃን የአውሮፕላን ተሳፋሪ ነው ወይስ የተሳፋሪ ዕቃ?” የሚለው ጥያቄ መልሱ በተፈጥሮ የተሰጠ እንዳልሆነ ያሳየናል። መልሱ ቆጣሪው ማን ነው፣ የሚቆጥረውስ ለምንድን ነው በሚለው ላይ ይወሰናል።

ከሕፃን ነጻ ቀጠና

ያለፉት 15 ዓመታት የመጡበት መንገድ ግን ሌላ ነው፤ መለየት። የማሌዥያ አየር መንገድ በ2011 ገደማ በአንዳንድ አውሮፕላኖቹ የመጀመሪያ ማዕረግ ውስጥ ሕፃናትን ከለከለ። ኤርኤዥያ ኤክስና የሲንጋፖሩ ስኩት በ2013 ትንንሽ ልጆች የማይቀመጡባቸው ጸጥ ያሉ ረድፎችን መሸጥ ጀመሩ። የጃፓን አየር መንገድ በ2019 ከ2 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች የሚቀመጡበትን ቦታ በወንበር መምረጫው ላይ በምልክት ማሳየት ጀመረ፤ የፈለገ እንዲርቅ። በ2023 ኮሬንደን ከአምስተርዳም ወደ ኩራሳው በሚሄደው በረራ ላይ ለአዋቂዎች ብቻ የሆነ ክፍል በተጨማሪ ክፍያ አቀረበ።

እነዚህን በሙሉ አንድ ላይ ስናያቸው የ1978ቱ ታሪክ ድጋሚ ነው። ከሌላው መራቅ እንደገና ዕቃ ሆኖ ተሸጠ። ለሚገዛው ሰው ክፉ ነገር አይደለም፤ ደክሞት የሚሄድ ሰውም እንቅልፍ ያስፈልገዋል፣ ያ መብቱ ነው። ችግሩ ፈጠራው በሙሉ በአንድ አቅጣጫ መሄዱ ነው። ለሰባ ዓመት ያህል “ጎረቤቱን ከሕፃኑ እንዴት እናርቀው?” ተብሎ ብዙ ታስቧል። “ሕፃኑን የት እናስቀምጠው?” ለሚለው ግን ከግድግዳ ላይ አልጋና ከእናት ጭን የተሻለ መልስ እስካሁን በስፋት አልመጣም።

ልብ ካልን ሁለቱ ጥያቄዎች አንድ መልስ አላቸው። የራሱ ወንበር ላይ፣ በለመደው መቀመጫ ታስሮ የሚሄድ ሕፃን ከቤቱ እንደ ለመደው ያንቀላፋል፤ ቀበቶ ምልክት በበራ ቁጥር አይቀሰቀስም፤ ክርኑም ጎረቤቱን አይነካም። አደጋ ቢመጣ የመትረፍ ዕድሉ ይጨምራል። የሚያስፈልገው በሕፃን ዋጋ የሚሸጥ ወንበር ነው። አየር መንገዶች ለእግር ማዘርጊያ፣ ለሻንጣ፣ ለመስኮት ዳር ሁሉ ዋጋ ሲተምኑ እየኖሩ፣ ለዚህ መተመን ያቅታቸዋል ብሎ ማመን ይከብዳል።

እስከዚያው ድረስ ከሕፃን ጎን የሚደርሰው ሰው ቢያንስ ቅሬታውን ለማን እንደሚያቀርብ ያውቃል። ያን ወንበር የነደፈችውም፣ ዋጋውን የተመነችውም፣ ግድግዳውን እዚያ ያቆመችውም እናቲቱ አይደለችም።